ፍሬውን ስጡኝ፤ እኔ እፈጨዋለሁ

ዛሬ ጠዋት አሮጌ ገበያ አጠገብ ካለ አንድ ቡና መሸጫ ደሜ ፈልቶ ባዶ እጄን ወጣሁ። የጠየቅኩት ግማሽ ኪሎ ቡና ነው፤ ተቆልቶ ያልተፈጨ። ሻጩ መጀመሪያ ጥሬውን በእፍኙ ዘግኖ አሳየኝ። የተቆላ ነው የምፈልገው ስለው ከመደርደሪያው የታሸገ ዱቄት አወረደ። «ዱቄቱን ሳይሆን ፍሬውን» አልኩት። «እህቴ፣ እኛ ፈጭተን እያቀረብንልሽ አንቺ ለምን ትደክሚያለሽ?» አለኝ። መቼ እንደተቆላ ጠየቅኩት። «ትኩስ ነው።» መቼ? «ትኩስ ነው አልኩሽ እኮ!» እሽጉን አገላብጬ አየሁት። ጀበና ተሥሎበታል፣ ረከቦት ተሥሎበታል፣ ክብደቱ ተጽፎበታል። የተቆላበት ቀን የለም። የተፈጨበት ቀን የለም። ከየት ወረዳ እንደመጣ የሚናገር አንዲት ቃል እንኳ የለም።

ቡና በመርከብ ተጭኖ በሚመጣለት አገር ቢሆን ባልከፋኝ። ይህ ግን ሐዋሳ ነው። ይርጋለም ከዚህ ሃምሳ ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ ከዚያ አለፍ ስትሉ አለታ ወንዶ ነው፤ በኅዳር ብትሄዱ ቡናው በማድረቂያ አልጋ ላይ ተሰጥቶ ታገኙታላችሁ። ካፕ ኦፍ ኤክሰለንስ የተባለው የቡና ጥራት ውድድር በ2012 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ በኢትዮጵያ ሲካሄድ አንደኛ የወጣው የሲዳማ ቡና ነው። ከዚያም በፊት መንግሥት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2005 «ሲዳሞ»፣ «ሐረር» እና «ይርጋጨፌ» የሚሉትን ስሞች በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ አመልክቶ ብዙ ተከራክሯል። ለስሙ ባሕር ተሻግረን የተሟገትንለት ቡና፣ ደጁ ላይ ለምንኖር ለእኛ ሲሸጥ ስምም ቀንም የለውም።

እኔም ስድስት ዓመት ሙሉ ዱቄቱን ስገዛ ኖሬአለሁ። ቀን ሥራ፣ ማታ ልጆች፤ ቡና ለቅሞ፣ አጥቦ፣ ቆልቶ፣ ወቅጦ ማፍላት መጀመሪያ የእሑድ ብቻ ሆነ፣ ቆይቶ የእሑዱም ቀረ። ያነቃችኝ አክስቴ ናት። ባለፈው ዓመት ለጥምቀት ከአለታ ወንዶ መጥታ አቦሉን ቀዳሁላት። አንድ ጊዜ ፉት አለችና ስኒውን ረከቦቱ ላይ መለሰችው። «ይህ እኮ ገብስ ነው፣ ልጄ» አለችኝ፤ ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፣ ኀዘን እንጂ።

አላመንኳትም። በማግስቱ ጠዋት ብርጭቆ ቀዝቃዛ ውኃ አስሞልታኝ ከእሽጉ አንድ የሻይ ማንኪያ ዱቄት በላዩ ነሰነሰች። ንጹሕ ቡና ቅባት ስላለው ቶሎ አይሰምጥም፤ ላይ ላዩን ይንሳፈፋል፣ ቀዝቃዛ ውኃንም ወዲያው አያጠቁርም። የእኔው ገሚሱ ላይ ቀረ፤ ገሚሱ እንደ አሸዋ ቁልቁል ወረደ። ከእያንዳንዷ ቅንጣት ኋላ ቡናማ ክር እየተመዘዘ ውኃው ደቂቃ ሳይሞላው ደፈረሰ። አክስቴ ውኃውን አቅርራ ከሥር የተረፈውን በጣቷ ብታሸው እንደ ሊጥ ተጣበቀ። ለካስ አተላው እንደ ገንፎ የሚወፍረው፣ ሦስተኛው ስኒ ላይ ጀበናው አንገቱ የሚደፈነው ለዚህ ነው! ስድስት ዓመት ለእንግዳ «ቡና ጠጡ» እያልኩ የቀዳሁት ይህንን ነው። እናቷ የሞተችባት ጎረቤቴ አጠገብ ተቀምጬ የቀዳሁላት ይህንን ነው። እስከ ዛሬ ሳስበው አንጀቴ ያርራል።

ባዕድ ነገር ያልገባበት ዱቄት የሚሸጡ ሰዎች መኖራቸውን አውቃለሁ። እሱም ቢሆን ቀኑ ካልታወቀ ዋጋ የለውም። ቡና ሲቆላ መዓዛው በፍሬው ውስጥ ተዘግቶ ይቆያል። በተፈጨ ጊዜ አየር የሚያገኘው ገጹ እጅግ ይበዛል፤ መዓዛው መብነን የሚጀምረው በዚያችው ደቂቃ ነው፣ ቅባቱም ከአየሩ ጋር እየተዋሐደ ይበላሻል። የተቆላ ፍሬ በደንብ ከከደኑት ለሳምንታት ጣዕሙን ይዞ ይቆያል፤ ዱቄቱ ግን በቀናት ውስጥ ይደክማል። ደግሞም ፍሬው ፊታችሁ ነው። የነቀዘውን፣ የተሰበረውን፣ ያረረውን ዓይናችሁ ለይቶ ያወጣዋል። ዱቄት ውስጥ ማን ምን ያያል?

አክስቴ ስትመለስ አንድ ጆንያ ጥሬ ቡና ላከችልኝና ወደ ፍሬ ተመለስኩ። መፍጨቱ ግን ራሱን የቻለ መከራ ሆነ። የምኖረው ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሙቀጫና ዘነዘና አወጣሁ። ከሥሬ የሚኖሩት እማማ የደም ግፊት አለባቸው፤ በሁለተኛው ቀን ደረጃውን ቀስ ብለው ወጥተው «ልጄ፣ ራሴ ላይ ነው የምትወቅጪው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ አቆምኩ። ሰፈር ወፍጮ ቤት ወሰድኩት። ከእኔ በፊት በርበሬ ተፈጭቶበት ኖሮ ጉሮሮ የሚከረክር ቡና ይዤ ተመለስኩ። ከዚያ የኤሌክትሪክ መፍጫ ገዛሁ። በውስጡ የሚሽከረከር ምላጭ ነው ያለው፤ ፍሬውን ይቆራርጠዋል እንጂ አይፈጨውም። ገሚሱ ይልማል፣ ገሚሱ ለሁለት ብቻ ተሰንጥቆ ይቀራል፤ የላመው ቡናውን ያደፈርሰዋል፣ ስንጣቂው ጣዕሙን ሳይሰጥ ይቀራል። እሑድ እንግዳ ተሰብስቦ፣ ቡናው ተቆልቶ፣ ጢሱ ዞሮ ሁሉም ካሸተተ በኋላ መብራት ሲጠፋ ምን እንደሚሰማ የደረሰበት ያውቀዋል። በአራተኛው ወር ሞተሩ ተቃጠለ። የሸጠኝ ሰው «ዋስትና የለውም» ብሎ ፊቱን አዞረ።

አሁን የምጠቀመው በእጅ የሚዞር፣ በሁለት ጥርሶች መካከል የሚፈጭ መፍጫ ነው። ጥርሱን አጥብቄም አላልቼም ድቀቱን እመርጣለሁ፤ ለጀበና ከስኳር ደቀቅ፣ ከዱቄት ሻከር ያለ። እጅ ያደክማል፣ ጊዜም ይፈጃል። ግን መብራት አይፈልግም፣ እማማንም አይቀሰቅስም። ትልቋ ልጄ እጀታውን እያዞረች ክዳኑን ከፍታ ስታሸት አይቻታለሁ። ነፍስ ካወቀች ወዲህ ቤታችን ውስጥ እንዲህ ያለ ሽታ ኖሮ አያውቅም ነበር፤ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት።

የአክስቴ ቡና ባለፈው ሳምንት አለቀ፤ የዛሬው ንዴት የመጣው ከዚያ ነው። ጥሬ ገዝተሽ ራስሽ ቁይ የምትሉኝ ትኖራላችሁ። እሑድ እቆላለሁ። በሥራ ቀን ግን ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ምጣድ መጣድ አልችልም፤ የተቆላ ፍሬ የምፈልገው ለዚህ ነው።

ዱቄት የሚገዛን ሰው አልወቅስም። እናቴ የዘነዘና ጠባሳ መዳፏ ላይ ይዛ ነው ያረጀችው፤ በቀን ሦስት ጊዜ ትወቅጥ ነበር፣ ያንን ድካም ለማንም አልመኝም። ዱቄቱ ወደየቤታችን የገባው ሴቶች ስለደከሙ ነው። ደክሟቸው፣ ሻጩን አምነው ገንዘባቸውን ለሰጡ ሰዎች ገብስ አጥቁሮ መሸጥ ነው የማልታገሠው። ቡናው ውስጥ ገብስ ካለ «ገብስ አለበት» ተብሎ ይጻፍ፣ በገብስ ዋጋ ይሸጥ፤ የፈለገ ይግዛው።

ለሻጩ ከመውጣቴ በፊት አንድ ነገር ለምኜው ነበር። ቆልታችሁ ፍሬውን በወረቀት ከረጢት አድርጉልኝ፣ ላዩ ላይ የቆላችሁበትን ቀን በእስክሪብቶ ጻፉልኝ፣ በየሁለት ሳምንቱ እየመጣሁ እገዛለሁ አልኩት። «እንዲህ የሚጠይቅ ሰው የለም» አለኝ። እኔ ፊቱ ቆሜ!

ሐዋሳ ውስጥ ቡና ቆልቶ፣ ቀኑን ጽፎ፣ ፍሬውን የሚሸጥ ሰው የምታውቁ ካላችሁ ሰፈሩን ብቻ ጻፉልኝ። አቶቴም ይሁን ሐይቅ ዳር፣ ነገ ከሥራ በፊት እደርሳለሁ።