ማስተካከያ፦ የጂግሊፓፍ ክብደትና የአየር ላይ ዝላይ
ስለ ፖኬሞኗ ገጸ ባሕርይ ስለ ጂግሊፓፍ አጨዋወት ቀደም ሲል ባቀረብነው ጽሑፍ፣ በ2018 እ.ኤ.አ. በወጣው ሱፐር ስማሽ ብራዘርስ አልቲሜት በተባለው የቪዲዮ የፍልሚያ ጨዋታ ውስጥ በክብደት ከሁሉም ቀላሏ ተፋላሚ እርሷ እንደሆነችና በአየር ላይ 6 ጊዜ እንደምትዘል መግለጻችን ስሕተት ስለሆነ፣ አንባቢያንን ከልብ ይቅርታ እንጠይቃለን። ከሁሉም ቀላሉ በጨዋታው መለኪያ ክብደቱ 62 የሆነው ሌላው ፖኬሞን ፒቹ ሲሆን፣ ጂግሊፓፍ በ68 ትከተለዋለች። በአየር ላይ የምትዘለውም 5 ጊዜ ነው፤ ስድስተኛው ከመሬት የምትነሣበት ነው። ልዩነቱ ትንሽ ቢመስልም፣ ተጋጣሚውን ከመድረኩ ውጪ ሲያሳድድ 4ቱን የጨረሰ ተጫዋች ገና 2 ይቀረኛል ብሎ ከተማመነ መመለስ ያቅተዋል፤ ሌሎችን ሽቅብ የሚያነሣው ልዩ ምት ለእርሷ የሚያስተኛ ዘፈን ብቻ ነውና። ዝላዮቹ የሚታደሱትም መሬት ስትረግጥ ወይም የመድረኩን ጠርዝ ስትይዝ እንጂ ተጋጣሚ ሲመታት አይደለም።