አላውቅም የማይባልበት ከተማ

ጅማን ለማመስገን የተነሣ ሰው ሁሉ ቡናዋን፣ ማሯን፣ የጅሬኑን ቤተ መንግሥትና አረንጓዴነቷን ይጠራል። ይገባታል። ይሁንና ከምስጋናው ሁሉ የተረሳ አንድ ሀብት አላት፤ እኔ ዛሬ ይህን የቆየ ዕዳ ልክፈል። በከተማችን ጠይቆ ባዶ እጁን የሚመለስ የለም። የተጠየቀው ሰው ስለ ጉዳዩ ሰምቶ ባያውቅ እንኳ መልስ ሳይሰጥ አያሰናብትም። «አላውቅም» ብሎ ጠያቂን መሸኘት በእኛ ዘንድ እንግዳን ቡና ሳያጠጡ ከደጃፍ እንደ መመለስ ነው፤ ነውር ነው፣ ዘር ያሰድባል።

ጅማ መርካቶ ቆሞ የቦንጋ መኪና የት እንደሚገኝ የጠየቀ መንገደኛ ሦስት አቅጣጫ ይጠቆምለታል። ይህን እንደ ስሕተት የሚቆጥር ሰው ቸርነት ያልገባው ነው፤ ሌላ ከተማ ቢሆን ከአንድ አቅጣጫ በላይ ማን ይሰጠዋል? ለራስ ምታት ምን ይሻላል ብሎ የጠየቀማ ከመድኃኒቱ ጋር የሚዋጥበትን ሰዓት፣ አብሮ የማይበላውን ምግብና በመድኃኒቱ የዳነውን ጎረቤት ታሪክ ጭምር ይዞ ይሄዳል። ጉዳይ ላስፈጽም በሄድኩበት አንድ መሥሪያ ቤት በር ላይ የተቀመጠው ሰው ያለ ምንም ማመንታት «ሦስተኛ ፎቅ ውጣ» አለኝ። ሕንፃው ያለው ሁለት ፎቅ ነው። ለእኔ ሲል አንድ ፎቅ ጨመረ፤ ከዚህ በላይ ምን ያድርግ?

ይህ ቸርነት ባሕር ተሻግሮ እንደሚሠራ የታወቀው ግን በቅርቡ ነው። ስኮትላንድ የሚኖር አንድ የሠፈራችን ልጅ አለ። ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር ሆኖ አጋዘን ማደን ጀምሯል። እዚያ አገር ተኩላና ድብ ከጠፉ ዘመናት ስላለፉ አጋዘኑን የሚቀንስ አውሬ የለም። ሲበዛ ችግኝ እየጋጠ ደን እንዳይበቅል ያደርጋል። ስለዚህ ከፖሊስ የመሣሪያ ፈቃድ ያገኘ ሰው በሕግ ያድናል፤ እንዲያውም ከጥቅምት 2023 እ.ኤ.አ. ወዲህ ወንዱን ማደን የማይፈቀድበት ወቅት በስኮትላንድ ተነሥቷል። ልጁ ፈቃዱንም ጠብመንጃውንም አሟልቷል። የቀረው የተኩስ ባላ ነው።

ባላው ምን ያደርጋል ለሚል፦ ሣሩና ቁጥቋጦው ረጅም በሆነበት ተኝቶ መተኮስ አይቻልም። ቆሞ የሚተኩስ ሰው ጠብመንጃ ደግሞ ከትንፋሹ ጋር ይዋልላል። አንድ ሜትር በሚያህል ጠብመንጃ ጫፍ ላይ የሁለት ሚሊ ሜትር ዝንፈት መቶ ሜትር ላይ ሲደርስ ሃያ ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ ልብና ሳንባ በሆነችው ኢላማና በሆድ መካከል ያለው ልዩነት ይኸው ነው። ሆዱን የተመታ እንስሳ አይወድቅም፤ ቆስሎ ጫካ ይገባል፣ አዳኙም እስኪያገኘው ድረስ ደሙን ተከትሎ መሄድ አለበት። ስለዚህ ጠብመንጃው የሚደገፍበት ነገር ያስፈልጋል። ከፋብሪካ የሚወጣው ባለ አራት እግሩ ባላ ከመቶ ፓውንድ በላይ ይጠይቃል። ልጁም ዋጋው አልቀመስ ሲለው «አቅሜን የማይጎዳ የትኛው ይሻለኛል?» ብሎ ጅማ ለሚኖረው አጎቱ ጻፈ።

ለምን ጅማን ጠየቀ? የከተማው ልጅ ነዋ። የት ቢጠይቅ መልስ እንደማያጣ ያውቃል።

አጎትየው ስልኩን ይዞ ፈረንጅ አራዳ ወዳለው ቡና ቤት መጣ። በዕለቱ የተሰየሙት አማካሪዎች አንድ ጡረታ የወጡ መምህር፣ አንድ የቡና ነጋዴና አንድ የአይሱዙ ሾፌር ነበሩ። ከሦስቱ አንዱም ባላ በሚባለው ነገር ተደግፎ ተኩሶ አያውቅም፤ ሁለቱ ጠብመንጃ ይዘው የሚያውቁትም ለሠርግ ፎቶግራፍ ሲነሡ ነው። በሌላ አነጋገር ከአድልዎ የጸዱ ሰዎች ናቸው።

ቀድሞ የተናገረው ሾፌሩ ነው። «ባለ አንድ እግር ይግዛ» አለ። ምክንያቱን ሲያስረዳም እግር በበዛ ቁጥር የሚሰበረው ይበዛል፣ የሚሰበረው ከበዛ መለዋወጫ ይፈለጋል፣ መለዋወጫ ደግሞ አይገኝም አለ። እንከን የማይወጣለት ሐሳብ ነው። ባለ አንድ እግሩ በእርግጥ ቀላል ነው፣ ሽቅብ ሲወጡም ምርኩዝ ይሆናል። ግን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ስለሚወዛወዝ ለቅርብ ካልሆነ ለሩቅ ኢላማ አይታመንም። ይህን የሚሉት አዳኞች ናቸው፤ አዳኞች ደግሞ አይሱዙ ነድተው አያውቁም።

ነጋዴው በበኩላቸው የመጀመሪያው ጉዳይ ስንት እግር አለው ሳይሆን ሻጩ ስንት አለ ነው ብለው ነገሩን ከሥሩ ያዙት። «የጠራውን በግማሽ ይቁረጥበት። እምቢ ካለ ሁለት እርምጃ ይሂድ፣ ይጠራዋል።» ኢንቨርነስ በምትባለው የስኮትላንድ ከተማ ውስጥ ያለ ሱቅ ዋጋውን ዕቃው ላይ ለጥፎ የሚሸጥ መሆኑን አጎትየው በትሕትና ቢያመለክትም፣ የተለጠፈ ዋጋ መጀመሪያ እንጂ መጨረሻ አለመሆኑ ተነገረው። ከዚያ ነጋዴው ስልኩን ተቀብለው የዕቃዎቹን ሥዕል እየገፉ አዩና አንድ የሚያብለጨልጭ፣ እንደ አንቴና የሚሳብ አልሙኒየም መረጡ። የርካሽ ተሳቢ እግር ችግሩ የታወቀ ነው፤ ማጥበቂያው ይላላና ሰውየው ትንፋሹን ይዞ ቃታ ሊስብ ሲል እግሩ ተንሸራትቶ ወደ ውስጡ ይገባል። ብረት ከብረት ሲጋጭ የሚሰማው ድምፅም ለአጋዘን ጆሮ ከበቂ በላይ ነው። ነጋዴው ይህ ሲነበብላቸው «እንዲያውም ይሻላል፤ ቀና ብላ ታየዋለች፣ ቆማ ይመታታል» አሉ። ከዚህ በኋላ አልሙኒየሙን የሚቃወም አልተገኘም።

መምህሩ እስኪጨርሱላቸው ዝም ብለው ቆዩ። የተማረ ሰው የሚናገረው መጨረሻ ላይ ነው። «ሦስት እግር» አሉ። «ከአንድ ግንድ የሚፈለፈለውን ባለ ሦስት እግር የጅማ በርጩማ ተመልከቱ። መሬቱ ቢጎረብጥም አይነቃነቅም። ሦስት ነጥብ ሁልጊዜ ያርፋል፤ ይህ ጂኦሜትሪ ነው።» እዚህ ላይ ሐቁን መናገር አለብኝ፦ መምህሩ ትክክል ነበሩ። ደግነቱ አልቆዩበትም። ርዝመቱ ስንት ይሁን ሲባሉ ከ1878 እስከ 1932 እ.ኤ.አ. ጅማን የገዙት ዳግማዊ አባ ጅፋር ቁመታቸው ከሁለት ሜትር በላይ እንደነበረ የሚነገረውን ጠቅሰው፣ ባላው ከዚያ ማነስ የለበትም አሉ። ልጁ መካከለኛ ቁመት እንዳለው ሁላችንም እናውቃለን። በእርሳቸው ባላ ከተደገፈ ጠብመንጃው ከራሱ በላይ ሆኖ ወደ ሰማይ ይተኩሳል።

ጠብመንጃው በየት በኩል ይረፍ ለሚለውም መልስ ነበራቸው። «በአፈሙዙ በኩል ነዋ። ወደ ኢላማው የሚቀርበው እሱ አይደል?» ይህን ሲሉ ቡና የቀዳችላቸው ልጅ እንኳ ራሷን በአድናቆት ነቀነቀች። ልማዱ እንግዲህ የተገላቢጦሽ ነው፤ ባላው ላይ የሚያርፈው በግራ እጅ የሚያዘው ከበርሜሉ ሥር ያለው እንጨት ነው። በርሜሉ ራሱ ከተደገፈ በተኩሱ ጊዜ የሚንቀጠቀጥበት መንገድ ይለወጥና ጥይቱ ከለመደበት ቦታ ውጭ ያርፋል።

በመሐል አጎትየው የስኮትላንዱ ወንድ አጋዘን በየዓመቱ በጸደይ ቀንዱን ጥሎ አዲስ እንደሚያበቅል አነበበ። ጉባኤው በአንድ ድምፅ ውድቅ አደረገው። ከሰሜን አፍሪካ በቀር በአህጉራችን እንዲህ ያለ እንስሳ በተፈጥሮ የለም፤ በ1910 እ.ኤ.አ. በሳይንስ ስም የወጣለት የባሌው ደጋ አጋዘን ቀንዱን ዕድሜ ልኩን ተሸክሞ ነው የሚኖረው። ነጋዴው ይህን አጋዘን ጎባ ላይ በግድግዳ ሥዕል አይተውታል፤ ቀንዱ አልወደቀም ነበር። ማስረጃው በቂ ሆኖ ስለተገኘ ስኮትላንዳውያኑ ስለ ገዛ እንስሳቸው ተሳስተዋል ተብሎ ታለፈ።

እስከዚህ ድረስ ሁሉም በክብር ሄደ። ነውሩን ያመጣው በርጩማ ሊያስረክብ የገባ አንድ እንጨት ጠራቢ ነው። ክርክሩን ቆሞ ካዳመጠ በኋላ «ጋሼ፣ ልጁ ቁመቱ ስንት ነው?» ብሎ አጎትየውን ጠየቀ። ቀጠለናም የሚቆመው ዳገት ላይ ነው ወይስ ሜዳ ላይ፣ ዕቃውንስ ቀኑን ሙሉ ተሸክሞ ነው የሚሄደው አለ። ጥያቄ! በአማካሪዎች ፊት! የሚጠይቅ ሰው አለማወቁን በገዛ አፉ መመስከሩ ነው። ይህ ሳይበቃው «እኔ ጠብመንጃ ተኩሼ አላውቅም» አለ። ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። መምህሩ ሲኒያቸውን አስቀምጠው ወደ ውጭ ተመለከቱ።

ሰውየው ግን ይሉኝታ አልፈጠረበትም። ከአጥሩ ጥግ ከተደገፈው ቀርከሃ በደረቱ ልክ የሆኑ ሁለት መረጠ። ከጎረቤት ጎሚስታ የተጣለ ከመነዳሪ ለምኖ በቢላዋ በጣት ስፋት ሰነጠቀና ሁለቱን እንጨት ከጫፋቸው አንድ ጋት ዝቅ አድርጎ አሰራቸው። እግሮቹን ሲከፍታቸው ከላይ ባላ ተፈጠረ። የመጥረጊያ እጀታ አሳረፈበትና ጉንጩን አስጠግቶ አነጣጠረ፤ ከፍ ሲልበት እግሮቹን ሰፋ፣ ዝቅ ሲልበት ጠበብ አደረገ። ከዚያ ሌላ ጥንድ አሰረና አንዱን ከፊት፣ አንዱን ከኋላ አቁሞ በሁለት ቀጫጭን አግዳሚ አያያዛቸው። እጀታው አሁን በሁለት ቦታ ተደገፈ፤ በጣቱ ቢነካው አልተነቃነቀም። የእንጨቱን ጫፍ በተረፈው ጎማ ሸፈነና «ድንጋይ ሲነካ እንዳይጮህ» አለ።

አጎትየው ስልኩ ላይ ያለውን የመቶ ፓውንድ ዕቃ ሥዕል አየ፣ ቀርከሃውን አየ፣ ደግሞ ስልኩን አየ። አንድ ዓይነት ነበሩ። ኋላ እንደተረዳሁት ብዙዎቹ የእዚያ አገር አዳኞችም ባለ አራት እግር ባላቸውን የሚሠሩት ከአትክልት ሱቅ በሚገዙት በፕላስቲክ የተለበጠ የብረት ዘንግ ነው፤ ቲማቲም የሚደገፍበት።

ጉባኤው ግን በቀላሉ የሚታለል አይደለም። «ይህማ የአጥር እንጨት ነው» አለ ሾፌሩ። ነጋዴው ዋጋውን ጠየቁ፤ ምንም ሲባሉ በሐዘን ራሳቸውን ነቀነቁ። ዋጋ የሌለውን ነገር በስንት ይከራከሩበታል? መምህሩ ጠራቢው ስንተኛ ክፍል እንደ ደረሰ ጠየቁ። ሰውየው የበርጩማውን ሒሳብ ተቀብሎ ሄደ፤ ቀርከሃውን አስተናጋጇ ወስዳ ልብስ አሰጣችበት፤ እኔም ምክር መስጠት ሙያ እንጂ የማንም ጠያቂ መጫወቻ አለመሆኑን አየሁ።

የመጨረሻው ቃለ ጉባኤ ማንንም ላለማስቀየም ሁሉንም አካቶ ተጻፈ፦ ባለ አንድ እግር ይሁን፣ አልሙኒየም ይሁን፣ ከሁለት ሜትር አይነስ፣ በግማሽ ዋጋ ይገዛ፣ አፈሙዙ ከላይ ይረፍበት። የመምህሩ ሦስት እግር በድምፅ ብልጫ ወድቆ ነበር፤ እርሳቸውም ለአንድነት ሲሉ ጂኦሜትሪውን ተዉት።

ሁለተኛው ቡና ሳይፈላ መልስ መጣ። አጎትየው ጮክ ብሎ አነበበው፦ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ተቸገራችሁ። ለመሆኑ ከእናንተ መካከል በባላ ተኩሶ የሚያውቅ አለ?»

ለትንሽ ጊዜ ማንም አልተናገረም። ሾፌሩ የመኪናውን ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ መልሶ ከተተው። ነጋዴው ስልክ የተደወለላቸው መሰሉ። በመጨረሻ መምህሩ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ጻፍለት» አሉ፤ «ብርዱ እንዴት ነው? በለው። ምን ዓይነት ካፖርት እንደሚያስፈልገው እንነግረዋለን።»