ጋሻው ሲሳሳ የሚጎዳው አየሩ ሳይሆን ኦዞኑ ነው

ከፀሐይ የሚወረወሩ ቅንጣቶችን የሚመክትልን ጋሻ፣ የመሬት መግነጢሳዊ መስክ፣ ባለፉት 200 ዓመታት 9 በመቶ ያህል ተዳክሟል። ወሬው በማኅበራዊ ሚዲያ በተነሳ ቁጥር «የፀሐይ ማዕበል አየራችንን ጠርጎ ሊወስደው ነው» የሚል ማስፈራሪያ ይከተላል። ፍርሃቱ ከንቱ ነው አልልም፤ ያረፈበት ቦታ ግን ልክ አይደለም።

የዛሬ 41 ሺህ ዓመት ገደማ መስኩ የአሁኑ አንድ አሥረኛ ገደማ እስኪሆን ወርዶ ነበር፤ በፈረንሳይ ላሻም የሚገኘው የእሳተ ገሞራ አለት ምስክር ነው። አየሩ ግን የትም አልሄደም። የሚጎዳው ከፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር የሚከልለን ጋዝ፣ ኦዞን ነው።

እ.ኤ.አ. ጁላይ 14 ቀን 2000 ፀሐይ ላይ ከባድ ፍንዳታ ደረሰ፤ ሰዓት ሳይሞላ ፕሮቶኖች (ኤሌክትሪክ ያላቸው ጥቃቅን ቅንጣቶች) የዋልታዎቹን አየር መደብደብ ጀመሩ። 10 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ጉልበት ያለው ፕሮቶን 65 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ይቆማል፤ 100 ሚሊዮን ያለው እስከ 30 ገደማ ይወርዳል። በመንገዱ የናይትሮጅን ሞለኪውሎችን ይሰብራል፤ የተሰበረው ከኦክስጅን ተጣምሮ ናይትሪክ ኦክሳይድ ይሆናል። ይህ ጋዝ ከኦዞን አንድ ኦክስጅን ይነጥቃል፤ ነጠላ የኦክስጅን አቶም ሲያገኝ የነጠቀውን ያስረክብና ለሌላ ንጥቂያ ይሰናዳል። ክፋቱ ራሱ አለማለቁ ነው። በዚያ ማዕበል ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ ያለው ኦዞን በሰሜን ዋልታ በኩል እስከ 70 በመቶ ቀነሰ፤ እዚያ ላይ ግን ዋናው አጥፊ ከውሃ ተን የሚወጣው የሃይድሮጅን ውህድ ስለነበር ጉዳቱ ቶሎ አገገመ። ከላይ እስከ ታች ሲደመር ጉድለቱ 1 በመቶ አልሞላም። ኦዞን ይበልጥ የሚከማቸው ከ20 እስከ 25 ኪሎ ሜትር ላይ ነዋ!

መስኩ ሲሳሳ የሚለወጠው ፕሮቶኖቹ በዋልታዎቹ በኩል የሚገቡበት በር ስፋት ነው። በቀላል ስሌት ባለ 100 ሚሊዮኑ ፕሮቶን ዛሬ የሚገባው ከ65 ዲግሪ መግነጢሳዊ ኬክሮስ (ከመግነጢሳዊው የምድር ወገብ የሚለካ ርቀት) በላይ ነው፤ መስኩ ወደ አንድ አሥረኛ ቢወርድ እስከ 42 ይዘልቃል። ዋሽንግተን በሩ ውስጥ ትገባለች። መግነጢሳዊው የምድር ወገብ አጠገብ ያለችው አዲስ አበባ ጋ ለመድረስ ግን ስምንት እጥፍ ገደማ ጉልበት ይጠይቃል። ይህ ስሌት መስኩ ሁለት ዋልታ እንደያዘ ከቆየ ነው፤ ያን ያህል ሲዳከም ዋልታዎቹ ይበዛሉ፣ ወገቡም ቦታውን ሊለቅ ይችላል።

እኔ ከመቶኛው ይልቅ ማዕበሉ የሚደርስበትን ወቅት እጠይቃለሁ። በበጋ የፀሐይ ብርሃን ናይትሪክ ኦክሳይዱን ቶሎ ይበትነዋል። በዋልታው የክረምት ጨለማ ግን ጋዙ ሳምንታት ይቆያል፤ ከሚሰምጠው አየር ጋር ኦዞኑ ወደተከማቸበት ከፍታ ይወርዳል።