ሕፃኑን ከማጀት አናባርረው፣ እሳቱን ከመሬት እናንሳው

በብዙዎቻችን ቤት እሳት የሚቀመጠው መሬት ላይ ነው። ጀበናው የሚጣደው ወለል ላይ ባረፈ ማንደጃ ነው፤ የዕጣን ማጨሻው ከጎኑ ነው፤ ሽሮው ከነሸክላው እየተንተከተከ የሚቀርበው ከጉልበት በማያልፍ ጠረጴዛ ላይ ነው። ይህ ሁሉ መዳህ የጀመረ ሕፃን እጁን ሲዘረጋ በሚደርስበት ከፍታ ላይ ይገኛል። ስለዚህ ልጅና ወጥ ቤት ሲነሳ መጀመሪያ ልንነጋገር የሚገባን ስለ እናቶች ጥንቃቄ አይመስለኝም። ስለ እሳቱ ቦታ ነው።

የተለመደው ምክር «ልጅ ወጥ ቤት አይግባ» የሚል ነው። ሰፊ ቤትና ልጅ የሚይዝ ሰው ላለው ይሠራ ይሆናል። አንድ ክፍል ተከራይቶ በመጋረጃ ከፍሎ ለሚኖር ቤተሰብ ግን ወጥ ቤቱም መኝታ ቤቱም ያው አንዱ ክፍል ነው። ኮንዶሚኒየም ውስጥም ቢሆን በር ዘግታ የምታበስል እናት ከበሩ ማዶ ያለውን ልጇን አታየውም። ብቻውን የቀረ ልጅ ሶኬት ይነካካል፣ ወንበር ላይ ተንጠላጥሎ ይወድቃል፣ ካልሆነም በሩ ሥር ቁጭ ብሎ ያለቅሳል። እኔ የማምነው ተቃራኒውን ነው፦ ልጁ እናቱን፣ እናቱም ልጇን በሚተያዩበት ቦታ ይሁኑ፤ የሚርቀው እሳቱ ይሁን።

ከቡናው እንጀምር። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ይህ ለሕፃን ቆዳ ምንም ፋይዳ የለውም፤ የሕፃን ቆዳ ከአዋቂ ቆዳ እጅግ ስስ በመሆኑ 60 ዲግሪ የሞቀ ውኃ እንኳ በጥቂት ሰከንዶች ክፉኛ ያቃጥለዋል። ጀበና ደግሞ መቀመጫው ክብ ነው፤ ማቶት ከሌለው ቀጥ ብሎ አይቆምም። የሚድህ ልጅ ለመቆም ሲሞክር ያገኘውን ሁሉ ይጨብጣል፣ የጨበጠውንም ወደ ራሱ ይስባል። ከአቦል እስከ በረካ ባለው ጊዜ ጨዋታው ሲደምቅ ሁሉም ሰው ልጁን ሌላው የሚያየው ይመስለዋል። ቄጠማው ይጎዝጎዝ፣ ዕጣኑ ይጢስ፣ ፈንዲሻው ይቅረብ፤ ጀበናው ግን ወጥ ቤት ስቶቭ ላይ ይፍላና ረከቦቱ ከፍ ያለ ጠረጴዛ ላይ ይዘርጋ። ከሰል የግድ ከሆነም ማንደጃው ከጠንካራ ጠረጴዛ ላይ፣ ከግድግዳ ተጠግቶ ይቀመጥ፤ መስኮቱም ይከፈት። ቆማ የምትቀዳ ሴት ቡናውን አታቃልለውም።

ወጡም የራሱ ጠባይ አለው። ውኃ ሲፈስ ወርዶ ያልፋል፤ ሽሮና ምስር ግን ቆዳ ላይ ተጣብቀው ሙቀታቸውን ይዘው ይቆያሉ። ስለዚህ ድስት የሚጣደው በኋለኛው ምድጃ ይሁን፣ እጀታውም ወደ ግድግዳ ይዙር። ልጅ ባለበት ቤት የጠረጴዛ ልብስ ባይነጠፍ እመርጣለሁ፤ ልጁ ጨርቁን ሲጎትት ከነሸክላው ሽሮ አናቱ ላይ ይወርዳል። የኤሌክትሪክ ምጣድ መብራቱ ከጠፋ በኋላም ለረጅም ጊዜ ያቃጥላል፣ ገመዱም ተንጠልጥሎ ልጅን ይጣራል። አክምባሎውን ደፍቶ ገመዱን ከላይ መጠቅለል የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።

ስለ አንቀልባ ስናገር ቅር የሚለው እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ልጅን አዝሎ መሥራት እናቶቻችን ያቆዩልን ትልቅ ጥበብ ነው፤ ልጁ የእናቱን ሙቀትና ድምፅ እያገኘ እንቅልፉን ይተኛል፣ እናትም ሁለት እጇ ነፃ ይሆናል። ለመጥረግ፣ ለመልቀም፣ ገበያ ለመሄድ የሚወዳደረው የለም። ለእሳት ሥራ ግን አይሆንም። ምጣድ ላይ የምታጎነብስ እናት ጀርባዋ ላይ ያለውን ልጅ ከነፊቱ ወደ እንፋሎቱና ወደ ጭሱ ይዛው ትገባለች። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው እ.ኤ.አ. በ2020 ከማገዶ፣ ከከሰልና ከመሳሰሉት በሚወጣ የቤት ውስጥ ጭስ ሳቢያ 3.2 ሚሊዮን ሰዎች ሞተዋል፤ ከእነዚህ ውስጥ ከ237,000 በላይ የሚሆኑት ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ናቸው። እንጀራ ሲጋገር ልጁ ከጀርባ ይውረድ።

ወርዶስ የት ይሁን? አንዲት አያት የልጅ ልጃቸውን ሲይዙ አይቻለሁ። ወጥ ቤቱ በር ላይ፣ ከምድጃው ሦስት እርምጃ ያህል ርቆ ምንጣፍ ተዘርግቷል፤ ምንጣፉና ምድጃው መካከል ደግሞ ከባድ አግዳሚ ወንበር በጎኑ ተጋድሟል። ልጁ ገና የአሥር ወር ነው። ፊቱ ትንሽ ድስት ከነክዳኑ፣ አንድ ማማሰያና አሮጌ እንቅብ አለ። ክዳኑን ይገጥማል፣ ያወርዳል፣ በማማሰያው ይመታዋል። አያቱ በአግዳሚው ማዶ ሽንኩርት እየላጡ ያወሩታል፦ «ይኸው አባቴ፣ ቀይ ሽንኩርት ነው። ዓይን ያቃጥላል። አሁን ልክተፈው አይደል?» ልጁ ቀና ብሎ ያያቸዋል፣ ይስቃል፣ ወደ ክዳኑ ይመለሳል። ሲሰለቸው ማልቀስ ከመጀመሩ በፊት ድስቱን ይወስዱና የፕላስቲክ ስኒዎች ይሰጡታል። ድስቱ የሚመለሰው ልጁ ከረሳው በኋላ፣ እንደ አዲስ ነው።

እኚህ አያት ያደረጉትን ለማድረግ ገንዘብ አያስፈልግም። መጫወቻ ሁሉ በአንድ ጊዜ ፊቱ ከተደፋ ልጅ ወዲያው ይሰለቻል፤ አንድ በአንድ ሲሰጠው ግን ይቆያል። ንግግሩ ደግሞ ከመጫወቻው ይበልጣል። ልጅ ቋንቋ የሚማረው ሰው ዓይኑን እያየ ሲያናግረው ነው፤ ወጥ ቤት ደግሞ ቀለሙም፣ ሽታውም፣ ስሙም የበዛበት ቦታ ነው። ስልክ ከፍቶ ፊቱ መደቀን ቀላል መስሎ ይታያል፤ ሆኖም የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ከአንድ ዓመት በታች ላለ ሕፃን ስክሪን ፈጽሞ አይመከርም። ድካም የጠናባትን እናት በዚህ አልወቅሳትም፤ ድስትና ክዳን ግን ከስልኩ የተሻለ እንደሚይዙት ሞክራ ታየው።

ባለ ጎማውን ዎከር በተመለከተ ግን አልለዝብም። ብዙ ወላጅ በፍቅር የሚገዛው ዕቃ ነው፤ ነገር ግን ገና መራመድ ያልቻለን ልጅ በአንድ ግፊት ምድጃው ሥር ያደርሰዋል፣ ከፍ አድርጎም ስለሚያቆመው ያልደረሰበትን ገመድና እጀታ ያስይዘዋል። ካናዳ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ሽያጩን ከልክላለች። እኛም አገር ሊከለከል ይገባል።

እሳት ባይሆኑም ወጥ ቤት ውስጥ የሚገድሉ ነገሮች አሉ። ውኃ በፈረቃ ስለሚመጣ ባልዲና በርሜል ሞልተን እናስቀምጣለን፤ አናቱ ከሰውነቱ መጠን አንጻር የሚከብድ ሕፃን ባልዲ ውስጥ በግንባሩ ከወደቀ በጥቂት ሣንቲ ሜትር ውኃ ሊሰጥም ይችላል። ክዳን የሌለው ባልዲ ወለል ላይ አይደር። በረኪናና ላምባ በሃይላንድ ጠርሙስ መቅዳት ይቅር፤ ልጅ ጠርሙሱን የሚያውቀው በውኃው ነው። ቆሎና ለውዝ አየር ቧንቧ ይዘጋሉ፤ እጁ ላይ የሚያዝ ነገር ከፈለገ የተቀቀለ ድንች ወይም ለስልሶ የበሰለ ካሮት ይበቃዋል።

ልጅ ይዞ ማብሰል አንድ ሥራ ሳይሆን ሁለት ሥራ መሆኑንም ማመን አለብን። ለቤት ሠራተኛ፣ ብዙ ጊዜ ገና ልጅነቷን ላልጨረሰች ልጅ፣ «ልጁን እያየሽ ወጡን ሥሪ» ብሎ መውጣት አደጋውን እሷ ላይ መጫን ነው። ሽንኩርቱና ቅመሙ ልጁ ሲተኛ ይዘጋጅ፤ ዘይት በሚግልበትና ውኃ በሚፈላበት ግማሽ ሰዓት አባት ልጁን ይቀበል። በተለይ የበዓል ዋዜማ፣ ዶሮ ወጡ ለሰዓታት ሲንተከተክና ቤቱ በሰው ሲሞላ፣ ልጁን የሚይዘው ማን እንደሆነ በስም ይነገር።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ልጅ ሊቃጠል ይችላል። ያኔ የጥርስ ሳሙና፣ እንቁላል፣ ቅቤ፣ ሊጥ አይቀባ፤ ቁስሉን ያመረቅዛሉ፣ ሐኪሙም እንዳያየው ይሸፍኑታል። ልብሱን ቶሎ ማውለቅ፣ ከቆዳው ጋር የተጣበቀውን ግን አለመላጥ፤ ከዚያ የተቃጠለውን ቦታ ብቻ ቀዝቃዛ ውኃ 20 ደቂቃ ማፍሰስ። በረዶ አይሆንም። ቧንቧው ከደረቀ ከጀሪካኑ በጣሳ እየቀዱ ማፍሰስ ነው፤ ሌላውን ሰውነቱን እንዳይበርደው ማልበስ፣ ቁስሉን በንጹሕ ጨርቅ መሸፈን፣ ሳይውሉ ሳያድሩ ሐኪም ቤት መውሰድ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል፤ አዲስ አበባ ውስጥ የካቲት 12 ሆስፒታል የቃጠሎ ሕክምና ክፍል አለው።

ይህን ለእናቶች የሚነግር ሰው ከወዴት ይምጣ ቢባል፣ መልሱ እጃችን ላይ ነው። ልጆቻችን የመጀመሪያውን የኩፍኝ ክትባት የሚወስዱት በዘጠኝ ወራቸው ነው፤ ብዙ ልጅ የሚድኸው፣ ይዞ ለመቆም የሚታገለውም ያኔ ነው። እናት ልጇን ይዛ ጤና ጣቢያ ደርሳለች፣ ካርዱ ወጥቷል፣ ነርሷ አጠገቧ ናት። እዚያች ወንበር ላይ «እሳቱ ቤታችሁ ውስጥ የት ነው የሚቀመጠው?» ተብላ ትጠየቅ፣ ስለ ቀዝቃዛው ውኃም ይነገራት። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም ቤት ለቤት ሲዞሩ ማንደጃውን አይተው ይህንኑ ይጠይቁ። የጤና ሚኒስቴር ይህን ጥያቄ ከዘጠኝ ወሩ የክትባት ቀጠሮ ጋር እንዲያያይዘው እጠይቃለሁ።