ቴክኒሻኑን ተዉት

ወገኖቼ፣ ዛሬ የምቆጣው እናንተን ነው።

በቀደም አውሮፕላን ልንሳፈር ተሰልፈን ሳለ ክንፉ ሥር የነዳጅ እርጥበት ታይቷል፣ እስኪፈተሽ ጠብቁ ተባልን። ወዲያው ጩኸት ሆነ። አንዱ ለቅሶ ልደርስ ነው ይላል፣ ሌላው ሠርግ አለብኝ፣ ሌላው ነገ ሥራ ካልገባሁ እባረራለሁ። ሁሉም እውነቱን ሊሆን ይችላል። ግን በር ላይ የቆመችውን ልጅ እስክታለቅስ መስደብ ምን የሚሉት ነው? አንዱማ ስልኩን አውጥቶ "አለቃችሁን አውቀዋለሁ፣ አሁን ደውዬ አስጨርሳለሁ" አለ። ምኑን ነው የሚያስጨርሰው? ደግሞ "ለአንዲት ጠብታ ነው እንዴ ይሄ ሁሉ!" ያለም ነበር።

ጠብታ የምታመጣውን ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 24 ቀን 2001 ከቶሮንቶ ወደ ሊዝበን የሚበር ኤርባስ ኤ330 ውስጥ 306 ሰው ነበር። ከቀናት በፊት የቀኝ ሞተሩ ተቀይሯል። የነዳጁ ቱቦና የሃይድሮሊኩ ቱቦ እርስ በርሳቸው እንዲገጥሙ የተሠሩ ስላልነበሩ በመካከላቸው በቂ ክፍተት አልነበረም፤ ሲፋተጉ ሲፋተጉ የነዳጁ ቱቦ ተሰነጠቀ፣ ነዳጁ አትላንቲክ ላይ ፈሰሰ፣ ሁለቱም ሞተሮች ተራ በተራ ጠፉ። 19 ደቂቃ ያህል ያለ ሞተር ተንሳፎ አዞረስ ደሴቶች ላይ አረፈ። ሰው አልሞተም፣ ተመስገን። የሚያሳዝነው፣ ሞተሩን የቀየሩት ሰዎች ክፍሎቹ እንደማይገጥሙ አይተው ነበር። ግን ሥራው በሰዓቱ ማለቅ ነበረበት። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባል የለ? የፈሰሰ ነዳጅ ግን ሰማይ ላይ አይለቀምም።

እ.ኤ.አ. በ1996 ከኒውዮርክ ወደ ፓሪስ የተነሳ ቦይንግ 747 ደግሞ የመሀል ነዳጅ ታንኩ ፈንድቶ 230 ሰው አለቀ። መርማሪዎች ከሁሉ አብልጠው የጠረጠሩት ወደ ታንኩ ኮረንቲ ያስገባ ሽቦን ነው። ከዚያ ወዲህ ደንቡ ጠበቀ። ቴክኒሻኑ የታንክ ሽቦ ከቦታው ፈቀቅ ማድረግ ወይም "ይሄም ይሠራል" ብሎ ያገኘውን ማሰሪያ መግጠም አይችልም።

ክንፉ ሥር የቆመው ሰው ዝም ብሎ የዘገየ መስሏችኋል። እርጥቡን ጠርጎ ያደርቃል፣ ከዚያ ይጠብቃል፤ ብዙ ጊዜ 30 ደቂቃ። እርጥበቱ ምን ያህል እንደተስፋፋ የሚለካው ያኔ ነው። ክፍት ቦታ ላይ ያለ ትንሽ እርጥበት እየተከታተሉ ሊበሩበት ይቻላል፤ የነዳጁ ተን የሚታፈንበት ዝግ ቦታ ላይ ከሆነ ግን ያችው ትንሽ እርጥበት አውሮፕላኑን ታስቆማለች። ታንክ ውስጥ መግባት ካስፈለገማ ነዳጁ ተቀድቶ ይወጣል፣ አየር ይገባበታል፣ የቀረው ተን ይለካል፣ ከዚያ ነው ሰው በደረቱ ተስቦ የሚገባው። ይሄን በጩኸት ማሳጠር አይቻልም። ሲጨርስ ስሙን ጽፎ የሚፈርመውም እሱ ነው፣ የምትደውሉለት አለቃ አይደለም።

መብታችሁን ጠይቁ። ምግብ፣ ማደሪያ፣ ሌላ በረራ፣ ትክክለኛ መረጃ፤ ለሱ አጥብቃችሁ ተከራከሩ፣ እኔም አብሬያችሁ እቆማለሁ። ቴክኒሻኑን ግን ተዉት፣ ሥራውን ይጨርስ።