ኮቪድ አለፈ፣ የመድኃኒቱ ችግር ግን አላለፈም

«ከኮቪድ በኋላ የሕክምና አገልግሎቱ ወደ ነበረበት ተመልሷል» የሚለው አይዋጥልኝም። የምሠራው የግል መድኃኒት ቤት ነው፤ ሐኪም ማግኘቱ ተመልሶ ይሆናል፣ መድኃኒቱን ማግኘት ግን አልተመለሰም። መጋቢት 2012 የመጀመሪያው ታማሚ ከተገኘ በኋላ ብዙ የስኳርና የደም ግፊት ሕመምተኞች ከክትትል የቀሩት በፍርሃት ነበር። አሁን የሚያስቀራቸው ገንዘብ ነው። ሐምሌ 2016 የምንዛሪ ዋጋ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በአጭር ጊዜ ከ100 ብር አለፈ፤ ከውጭ የሚገባው መድኃኒትም አብሮ ተወደደ። የወር የግፊት መድኃኒታቸውን በአንዴ ይገዙ የነበሩ እናት ዛሬ «ለጊዜው አሥር ፍሬ ስጠኝ ልጄ» ይሉኛል፣ ስትሪፑን በመቀስ ቆርጬ እሰጣቸዋለሁ። አሥሩ ሲያልቅ ወዲያው አይመጡም። ሲመጡ ግፊታቸውን ስለካው እኔው እደነግጣለሁ፤ እንዲህ እየተቋረጠ የሚወሰድ መድኃኒት መጨረሻው ስትሮክ ወይም የኩላሊት እጥበት ሊሆን ይችላል፣ ያ ደግሞ ከብዙ ሰው አቅም በላይ ነው። «የጤና መድህን አለ አይደል እንዴ?» የሚለኝ ሰው ይኖራል፦ መድህኑ ትልቅ ነገር ነው፣ ብዙ ድሃ አድኗል። ግን ካርዱ የሚጠቅመው መድኃኒቱ ጤና ጣቢያው ውስጥ ሲኖር ነው። «የለም፣ ከውጭ ግዙ» የተባለ ሰው መዋጮውን ከፍሎም ማዘዣውን ይዞ እኛ ጋ ይመጣል፣ ዋጋ ይጠይቃል፣ ብዙውም ሳይገዛ ይወጣል። መድህኑ በየወረዳው ካሉ መድኃኒት ቤቶች ጋር ውል ገብቶ ቢያንስ የግፊት፣ የስኳር፣ የአስምና የሚጥል በሽታ መድኃኒቶችን ዋጋ ይሸፍን።