አራት ሰው የማይበቃው ልቅሶ

መጋቢት 30 ቀን 2012 ዓ.ም. የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወደ ጎንደር ሰፈሮች ይዞት የገባው አንድ ቁጥር ነበር፤ አራት። በአገሪቱ የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ ከተገኘ ገና አንድ ወር አልሞላም። ስብሰባ በአራት ሰው ተገደበ፣ መጨባበጥ ተከለከለ፣ ደንቡን የተላለፈ ሰው እስከ ሦስት ዓመት እስራት ወይም ከ1,000 እስከ 200,000 ብር ቅጣት እንደሚጠብቀው ተነገረ። ያን ሰሞን በየስብሰባው «ሕዝቡ አይሰማም» ይባል ነበር፤ ዛሬም ያ ጊዜ በተነሣ ቁጥር ይኸው ይደገማል። እኔ በሰፈሬ ካየሁት ተነሥቼ ይህን ፍርድ አልቀበለውም።

በሚያዝያ ወር በሰፈራችን አንዲት እናት አረፉ፤ በኮሮና አልነበረም። እድሩ ድንኳን አልጣለም፤ ጥሩምባም አልተነፋም። ቢሆንም ረፋዱ ላይ ግቢው ሞላ። ሁለት ወጣት ደንብ አስከባሪዎች መጥተው ሴቶቹ እንዲበተኑ ሲያዝዙ፣ አንዲት አሮጊት በነጠላቸው አፋቸውን እንደ ሸፈኑ «ልጄ፣ በሽታውን እኔም እፈራለሁ፤ ግን ባሌን ያስቀበረችኝ እሷ ናት፤ ምን ብዬ ቤቴ ልቀመጥ?» አሏቸው። ልጆቹ መልስ አጡ፤ አንደኛው ኮፍያውን አውልቆ ጥቂት ከቆመ በኋላ ተያይዘው ወጡ። ከአራቱ በላይ ከነበርነው አንዱ እኔ ነበርሁ። በእኛ ዘንድ ልቅሶ አለመድረስ ነገ የራስን ሬሳ ማን ያነሣዋል የሚል ጥያቄ ያስከትላልና፣ እዚያ የተቀመጠውን ሰው ሁሉ ደንብ የናቀ አድርጎ መቁጠር ትልቅ ስሕተት ነው።

በዚያው ሳምንት በዚያው ቀበሌ፣ በከፍተኛ አጥር በተከለለ ግቢ ውስጥ እስከ ሌሊት ሙዚቃ የሚሰማበት ድግስ ተደግሶ ነበር። በሩን ያንኳኳ አልነበረም። ይህን ይቅር ለማለት ይከብደኛል፤ ማንም ማንንም አላስቀበረምና። ደንቡን የሚያስከብረው ሰው የሚያየው ዓይኑ የደረሰበትን ነው፤ ስለዚህ የአራዳ ገበያ ጉልት ቸርቻሪዋና የፒያሳው ሊስትሮ ሲባረሩ፣ ባለ አጥሩ አልተነካም። በሌላ በኩል ስድስት ነፍስ በአንዲት ክፍል በሚያድርባቸውና ብዙ አባወራ አንድ ሽንት ቤት በሚጋራባቸው የቀበሌ ቤቶች፣ የአራት ሰው ገደብ ሳይነጋ ይፈርስ ነበር። ውኃ በተራ በሚመጣበት ከተማ፣ ጄሪካን ይዞ ቧንቧ ሥር የተኮለኮለውን ሰው ሁለት ሁለት እርምጃ ተራራቅ ማለት ለተናጋሪው እንጂ ለሰሚው ቀላል አይደለም።

ሕዝቡ የማይሰማ ቢሆን ኖሮ የዚያን ዓመት ፋሲካ ምን እንላለን? ሚያዝያ 11 ቀን፣ በ44ቱ ታቦታት በምትታወቀው ከተማ፣ ቤተ ክርስቲያን ምእመናን በቤታቸው እንዲያከብሩ ስትጠይቅ፣ በዕድሜያቸው አንድም የትንሣኤ ሌሊት ያላጓደሉ ሰዎች በቴሌቪዥን ፊት ቆመው አስቀደሱ። የሰፈሬ ሰው እያለቀሰም ቢሆን ታዘዘ፤ የነገረችውን ቤተ ክርስቲያን ያውቃታልና። ጤናን በዚህ መንገድ ወደ ቤት ማስገባት ደግሞ ለጎንደር አዲስ ነገር አይደለም። በደንቢያ ከተነሣው የወባ ወረርሽኝ በኋላ በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና ሳኒተሪያኖችን ያሠለጠነው ሕዝቡ ወዳለበት እንዲሄዱ ነበር። በ2012 ግን ወደ ሰፈራችን የመጣው ፒክአፕ ላይ የተጫነ ድምፅ ማጉያ ነው።

ቀጥሎ የመጣው የባሰ ነበር። አዋጁ ካበቃ በኋላ ከ50 ሰው በላይ ያለ ፈቃድ እንዳይሰበሰብ የሚል መመሪያ ወጣ፤ ጥቂት ወራት ቆይቶ በሽታው ራሱ ያራዘመው ምርጫ ሲቃረብ በየከተማው አደባባይ የቅስቀሳ ሰልፍ ተጠራ። ያን ያየ የባጃጅ ተሳፋሪ ማስኩን አገጩ ላይ አንጠልጥሎ ትራፊክ ፖሊስ ሲያይ ብቻ ከፍ ማድረግ ቢጀምር አይደንቀኝም። በእኔ አስተያየት የደንቡን ክብር የገፈፉት ልቅሶ የተቀመጡት እናቶች አይደሉም።

ጉዳዩ ያለፈ ታሪክ የሚመስለው ካለ በ2015 ክረምት በቋራ በርሜል ጊዮርጊስ ጠበል በተሰበሰበው ሕዝብ መካከል የተነሣውን ኮሌራ ያስታውስ። ሌላ መመሪያ መውጣቱ አይቀርም፤ ያኔ ግብረ ኃይሉ ሲቋቋም ከፖሊስና ከጤና ባለሙያው ጎን የእድር ዳኞች ወንበር ሊኖራቸው ይገባል። ይህን የምለው ከዚያ ልቅሶ በኋላ የእኛ ዳኛ ያደረጉትን ስላየሁ ነው። ሰዉ የሚመጣው «ቀረ» እንዳይባል መሆኑን ያውቃሉና፣ የእድሩን ጸሐፊ ከነመዝገቡ ውጭ በር ላይ አስቀመጡት። ለቀስተኛው ከሩቅ እጅ ነሥቶ ስሙን ይናገራል፣ ጸሐፊው «ተገኝቷል» ብሎ ይጽፋል፣ ንፍሮውና የእድሩ ገንዘብ በር ላይ ለቤተሰቡ ይሰጣል። በቀጣዮቹ ሁለት ልቅሶዎች ከቤተሰቡ በቀር ግቢ ገብቶ የተቀመጠ ሰው አላየሁም፤ ደንብ አስከባሪም አልመጣም።